እናቴ፣ ጋቢዋና የላቫው ዋሻ

ሲያትል የምንኖር ሐበሾች ከአገር ቤት ሰው ሲመጣብን የምንወስድበት ቦታ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ስፔስ ኒድል፣ ቀጥሎ የፓይክ ፕሌስ ገበያ፣ ሰርግ ወይም ክርስትና ከተገኘ እሱ፣ ካልተገኘ ኮስትኮ። ከዚያ በኋላ እንግዳው ቤት ይቀመጣል። እንግዳዋ እናት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እኛ በፈረቃ ስንወጣና ስንገባ እሷ የልጅ ልጅ ትይዛለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ በማታውቀው ቋንቋ የሚያወራ ቴሌቪዥን ፊት ትውላለች። የመመለሻዋ ቀን ሲደርስ ሻንጣዋን ጢም አድርገን ሞልተን እንሸኛታለን። ውቅያኖስ አቋርጣ የመጣች ሴት የእኛን ሳሎን ብቻ አይታ መመለሷ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

እናቴ ከወልድያ ስትመጣ እንዲህ እንዳይሆን ቆርጬ ነበር። ግን የት ትሂድ? መልሱን ያመጣው የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ሴንት ሄለንስ ተራራ ተምሮ መጥቶ፣ በተሰባበረ አማርኛ ለአያቱ ሲያስረዳ ሰማሁት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 18 ቀን 1980 ተራራው ፈንድቶ 57 ሰው ሞቷል፤ የሰሜኑ ጎኑ ተንዶ ከቁመቱ 400 ሜትር ያህል አጥቷል። እናቴ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር አስልታ ግንቦት 1972 መሆኑን ስታውቅ ዝም አለች። ከዚያ «እኛም ያን ጊዜ የራሳችን እሳት ነበረብን» አለችው። ልጁ አልገባውም። እኔ ገባኝ። «አሁን እሳቱ ጠፍቷል? ሰው ይሄዳል?» ብላ ስትጠይቀው ግን ተነሥቶ ቦታ መፈለግ ጀመረ።

ያገኘው የተራራው ደቡብ ጎን ላይ ያለውን ኤፕ ኬቭ የሚባለውን ዋሻ ነው። የ1980ው ፍንዳታ ወደ ሰሜን ስለ ነበር ዋሻውን አልነካውም። አስጎብኚ አይዝህም፤ ራስህ ትወርዳለህ፣ ራስህ ትወጣለህ። ውስጡ አንድም አምፖል የለም። ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በአሜሪካ ምድር ካሉት ረጃጅም የላቫ ዋሻዎች አንዱ ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «እንደ ሶፍ ዑመር በለኛ!» አለ። በርዝመት አይመሳሰሉም፤ ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ነው። በአፈጣጠርም አይገናኙም። ሶፍ ዑመርን የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ በብዙ ሺህ ዓመታት የቦረቦረው ነው። የዚህኛው አናጢ ውሃ ሳይሆን እሳት ነው።

ለእናቴ ያስረዳኋት በወተት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ስልባቦት ይይዛል፤ ከሥሩ ግን ወተቱ ትኩስ እንደሆነ ይቆያል። ከዛሬ 2000 ዓመት ገደማ በፊት፣ አክሱም ገና ስሟ መነሣት በጀመረበት ዘመን፣ ከዚህ ተራራ ጎን ቀጭን ቅልጥ አለት ወጣና ቁልቁል ፈሰሰ። አየር ያገኘው ላዩ ቶሎ ደረቀና ጣሪያ ሆነ። ጣሪያው ሙቀቱን አምቆ ስለያዘ ውስጥ ለውስጥ ያለው ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እየጋለ መፍሰሱን ቀጠለ። ምንጩ ሲቆም የቀረው ተንጠፍጥፎ ወረደ፤ ቦዩ ባዶውን ቀረ። ለዚህ ተራራ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ሴንት ሄለንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው እንዲህ የማይፈስ፣ የሚያጣብቅና የሚፈነዳ አለት ነው። እናቴ አዳምጣኝ ስታበቃ «ታዲያ ወተቱ የት ሄደ?» አለች። እውነተኛ ጥያቄ ነው። ቁልቁል ወደ ሸለቆው ሄዶ ድንጋይ ሆኗል፤ ዛሬ ጥድ በቅሎበታል።

በበጋ ወራት መኪና ለማቆም አስቀድሞ በኢንተርኔት ሰዓት መያዝ ግዴታ ነው። ያዝን። በሁለት መኪና ወጣን። እናቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና እኔ በወንድሜ መኪና፤ ባለቤቴ ከእህቱና ከልጆቿ ጋር በሌላው። ጃኬቶቹና አብዛኞቹ ባትሪዎች የባለቤቴ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበሩ። በእኛ መኪና ድፎ ዳቦ፣ ቡና በፔርሙስ፣ ሁለት ግንባር ላይ የሚታሠሩ መብራቶች፣ አንድ የእጅ ባትሪና የእናቴ ጋቢ ነበር። ጋቢውን «ሐምሌ ነው፣ ይሞቃል» ብዬ ላስቀራት ብሞክር «ዋሻ ነው አላላችሁኝም?» ብላ ይዛው ገባች። ትክክል ነበረች። ዋሻው በጋ ከክረምት 5 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው።

መንገዱ ከሲያትል ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ታኮማ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ተንፏቀቅን። ዉድላንድ ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጥተን የሉዊስ ወንዝን ሐይቆች ተከትለን ስንሄድ እናቴ መስኮቱን ከፍታ ዛፉን እያየች ታደንቅ ነበር። ኩጋር የምትባለው ትንሽ መንደር ላይ ነዳጅ ቀዳን። ከዚያ ወዲያ የስልክ መስመር የለም። እኛ ወደ ዋሻው በምትገነጠለው መንገድ ታጠፍን። ባለቤቴ አልታጠፈም። በትልቁ የደን መንገድ ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ነድቶ ላቫ ካንየን የሚባለው ቦታ ደርሷል፤ ይህን ያወቅነው ግን ቆይተን ነው። እኛ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ጠበቅን፣ ጠበቅን። ስልክ አይሠራም። ልጆቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ሌላ ቤተሰብ ሲወርድ ባዩ ቁጥር ይባስ ይላሉ።

በሩ አጠገብ የደን አገልግሎቱ ሠራተኛ ለወራጁ ሁሉ ትእዛዙን ትነግራለች። ምግብ አይገባም፣ ውሻ አይገባም፣ ግድግዳ አይነካም። ግድግዳው ላይ የሚያብለጨልጨው ልዝብ ነገር የረቂቅ ሕዋሳት መንደር ነው፤ የዋሻው ነፍሳት የሚመገቡት እሱን ነው። ሌላ ዋሻ የረገጠ ጫማም ሳይጸዳ አይገባም። ምክንያቱ የሌሊት ወፎች ናቸው። አፍንጫቸው ላይ ነጭ ሻጋታ የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ በሰሜን አሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ጨርሷል፤ ዋሽንግተን ግዛት መግባቱ የተረጋገጠው በ2016 ነው። ሰውን አይጎዳም፤ ሰው ግን በጫማውና በልብሱ ሊያጓጉዘው ይችላል። ሴት ልጄ ይህን ስትሰማ ጫማዋን አውልቃ ሶሉን በሶፍት ትወለውል ጀመር።

በመጨረሻ ወንድሜ «ወርደን ደረጃው ሥር እንጠብቃቸው፤ ለእማዬ የዋሻውን የታችኛውን ክፍል ትንሽ እናሳያት» አለ። በብረት ደረጃው ወረድን። ከግማሽ በታች ስንደርስ ብርዱ ከሥር መጥቶ ቁርጭምጭሚት ያዘን፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ አንገት። እናቴ ጋቢዋን ተከናነበች።

ደረጃው ሥር ዋሻው ለሁለት ይከፈላል። የታችኛው 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወለሉ ደልዳላ ነው፣ በገቡበት ይመለሳሉ። የላይኛው 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ከጣሪያ የተናዱ 27 የድንጋይ ክምሮች አሉበት፤ መውጫው ሌላኛው ጫፍ ላይ ባለ መሰላል ነው። እኛ የምንፈልገው የታችኛውን ነበር። ነገር ግን ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ልጄ የለም። ከፊታችን የወረዱ ወጣቶች በደማቅ መብራት እየተሳሳቁ ወደ ላይኛው ሲገቡ አብሯቸው ነጎደ። ስሙን ጠራሁ። ዋሻ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ የራሴ ጥሪ በአራት በኩል ተመለሰልኝ። ወንድሜ አንዱን የግንባር መብራት አሥሮ «እዚሁ ቅርብ ነው፣ አመጣዋለሁ» ብሎ ሄደ። እናቴ ግን ልጅ ጨለማ ገብቶ ቆማ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ሳላስበው ተከትላው ገባች፤ እኔም ሴት ልጄን ይዤ ተከተልኩ።

የመጀመሪያውን ክምር እጇን ይዤ አሻገርኳት። ሁለተኛው ከፍ ይላል፤ ድንጋዩ ይነቃነቃል፣ ጠርዙ ይቆርጣል። እናቴ ሚዛን ለመጠበቅ እጇን ወደ ግድግዳው ስትዘረጋ ሴት ልጄ «እማማ፣ አይነካም!» ብላ ጮኸች። እናቴ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ወዲያው የእጅ ባትሪዬ ቢጫ ሆነ፣ ቀይ ሆነ፣ ጠፋ። ለዚህ ጉዞ ብዬ ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ከዚያው ከረጢት ሌላ አውጥቼ ቀየርኩ፤ እሱም አልበራም። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ካርታ ሲያሳይ ውሎ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል። የቀረን አንድ የግንባር መብራት ነው።

«ልጄ፣ እንቀመጥ» አለች እናቴ። ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘን። ጋቢዋን ዘርግታ ሦስታችንንም ሸፈነችን። መብራቱን ለመመለሻ ለማቆየት አጠፋሁት።

ስለዚያ ጨለማ በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሲያትል ውስጥ እንዲህ ያለ ጨለማ የለም፤ ወልድያም ቢሆን ኮከብ አለ። እዚያ ግን ዓይን መክፈትና መጨፈን አንድ ነው። እጄን ፊቴ ላይ አምጥቼ አላየሁትም። ጥቂት ሲቆይ አንጎል የራሱን ብርሃን መፍጠር ይጀምራል፤ የሌለ ነገር ሲንቀሳቀስ ታያለህ። የሚሰማው ከጣሪያ የምትወርድ ጠብታ ብቻ ነው፤ አንዷ ጋቢው ላይ፣ አንዷ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ። ሴት ልጄ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ብርዱ ይሁን ፍርሃቱ አላወቅሁም።

እናቴ ያን ጊዜ ስለ ላሊበላ ጀመረች። ልጅ ሆና ለገና ከወልድያ በእግሯ ሄዳለች። እዚያ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ ከአለት የተፈለፈለ ጨለማ መተላለፊያ አለ፤ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያወጣው ነው። ሲኦል ይሉታል። ሰው ያለ መብራት ነው የሚያልፈው፤ ጨለማውን ቀምሶ ብርሃን ላይ እንዲወጣ። «እናቴ ከፊቴ ነበረች፤ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ነበር» አለች። «አለቱን በቀኝ እጄ እየዳሰስኩ። እዚያ ይነካል። ፈራሁና ቆምኩ። እናቴ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ከኋላሽ ሰው አለ፣ አትቁሚ፤ እሱም ይፈራል›።» ሴት ልጄ አማርኛው ሁሉ ገብቷት እንደሆነ አላውቅም። ግን በጨለማው ውስጥ እጇን ዘርግታ የአያቷን ቀሚስ ስትፈልግ ተሰማኝ፤ አገኘችና ያዘች። መንቀጥቀጧ ቀስ እያለ ተወ።

እናቴ ከመጣች ጀምሮ ልጆቼ ከእሷ ጋር ያን ያህል ተቀምጠው አያውቁም። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሚበራ ነገር አለ፦ ስልክ፣ ታብሌት፣ ቴሌቪዥን። አያት ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተሻምታ ነው ጆሮ የምታገኘው፤ ሁልጊዜም ትሸነፋለች። እዚያ ድንጋይ ላይ ግን ከእሷ ድምፅ በስተቀር ምንም አልነበረም። ስለ መንገዱ ነገረቻት፣ ስለ ስንቁ፣ ሌሊት ስለ መዘምራኑ ጭብጨባ። ልጄ ጠየቀች፤ እናቴ መለሰች። እኔም የማላውቀውን ብዙ ነገር ሰማሁ። አያቴ ያንን ጉዞ ነፍሰ ጡር ሆና እንደሄደች የሰማሁት እዚያ፣ ዋሽንግተን ግዛት ከመሬት በታች ነው።

ከላይ ብርሃን ታየ። ወንድሜ መስሎኝ ተነሣሁ። ከመሰላሉ ጫፍ ጀምረው ቁልቁል የሚወርዱ ባልና ሚስት ናቸው። ሴትየዋ ጋቢውን አይታ ቆመችና መልእክት እንዳላት ነገረችኝ። አንድ ሰውዬ ከአንድ ልጅ ጋር አግኝተዋል፤ ልጁ ደህና ነው፤ መውጫው ስለቀረባቸው በዚያ ወጥተው በውጭ በኩል ይመለሳሉ፤ አትጠብቁ ብሏል። እናቴ ተርጉሜ ስነግራት ሁለቱንም በአማርኛ መረቀቻቸው። አጎንብሰው ተቀበሉ። የተሳሳተ መንገድ እንዳንይዝ ብለው መብራታቸውን ከኋላችን እያበሩ እስከ ደረጃው አጀቡን። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደረጃው ሥር ስንደርስ ባለቤቴ ሦስት ጃኬት በክንዱ ይዞ፣ ግንባሩ ላይ መብራት አሥሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ሲወርድ ተገናኘን። የተለዋወጥነውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። እናቴ አበረደችን። ከዚያም «መጥተን ሳናይ ልንመለስ ነው?» አለች። አሁን ለሁሉም መብራት አለ። የታችኛውን ገባን።

ብርሃን ሲበዛ ዋሻው ሌላ ሆነ። ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመሩ አግድም መስመሮች አሉ፤ ቅልጡ አለት በየጊዜው ዝቅ እያለ ሲሄድ ትቶት ያለፈው የከፍታው ምልክት ነው። ጣሪያው ላይ ቀልጦ ሲንጠባጠብ የደረቀ ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ወደ ታች እየሄድን ስንመጣ ወለሉ አሸዋ ሆነ፤ ዋሻው ከተሠራ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከተራራው የወረደ የጭቃ ጎርፍ ያስገባው ነው። ቦታውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ያገኘው ሎረንስ ጆንሰን የሚባል እንጨት ቆራጭ ነው። አቋሙ ያላማረው አንድ ያጋደለ ዛፍ አይቶ ሲጠጋ ሥሩ ጉድጓድ አገኘ። ቀጥሎ ሃሪ ሪስ የሚባል የአካባቢው ሰው በገመድ ወርዶ አየው፤ እሱ ይደግፋቸው የነበሩ ወጣቶች ዋሻውን አሰሱት፤ የዛሬ ስሙም ከቡድናቸው መጠሪያ የመጣ ነው።

የታችኛው ዋሻ ታዋቂ ነገር ሚትቦል የሚሉት ድንጋይ ነው። ቅልጡ አለት ገና እየፈሰሰ ሳለ ከጣሪያ አንድ ቋጥኝ ወደቀ፤ እየተንሳፈፈ ወረደ፤ ዋሻው የጠበበበት ቦታ ሲደርስ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ተወተፈ። ፈሳሹ ከሥሩ ጎደለ፤ እሱ እዚያው ከሰው ራስ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እናቴ ከሥሩ ቆማ አንጋጣ ብዙ አየችው። «ሁለት ሺህ ዓመት ሳይወድቅ!» አለች። ከዚያ አማተበችና በሥሩ አለፈች።

ስንወጣ የሐምሌ ፀሐይ ዓይናችንን ወጋው። ወንድሜና ልጄ መኪናው ጋ ተቀምጠው ድፎውን ጀምረውታል። ልጄ ተቆጥቼ እስክጨርስ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ፤ ከዚያ ሊተርክልን ቸኮለ። የላይኛው ዋሻ ውስጥ 2.4 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የደረቀ የላቫ ፏፏቴ አለ፤ ለስላሳ ስለሆነ እግር የሚያስገቡባት ቦታ አንዲት ብቻ ናት። ወጣቶቹ ከላይ ሲስቡት አጎቱ ከታች በትከሻው ገፍቶ አወጣው። ከዚያ በኋላ ጣሪያው የተቀደደበትና ብርሃን እንደ ምሰሶ የሚወርድበት ቦታ ደረሱ፤ መሰላሉን ወጥተው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በጫካው ውስጥ ተመለሱ። ወንድሜ ጉልበቱን እያሸ ምንም አልተናገረም። እናቴ ከፔርሙሱ ቡና ቀድታ መጀመሪያ ለእሱ ሰጠችው።

እናቴ አሁን ወልድያ ናት። ስልክ ስንደውል ሴት ልጄ ከእኔ ነጥቃ ከአያቷ ጋር ስለ ላሊበላ ታወራለች፤ አማርኛዋም ከወንድሟ በልጧል።

እናንተም ቤት እናት ተቀምጣ ከሆነ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ። ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ በላይ መብራት ያዙ፤ የባትሪውን ድንጋይ ቤት ሳላችሁ አብርታችሁ ሞክሩት። ጃኬቱና መብራቱ በሁሉም መኪና ይከፋፈል፤ ከኩጋር በኋላ ስልክ የለምና የመታጠፊያውን ቦታ ለሁሉም ሾፌር ቀድማችሁ ንገሩ። ልጆቹን ደረጃው ሥር እጃቸውን ያዙ። የላይኛውን ጉልበት ላለው ተዉለት። የታችኛው ግን ለእናቶች ይሆናል፤ ውሰዷቸው።